የማይቆጥረው ቆጣሪ

ሰኔ 12 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ቆጣሪያችን መቁጠር አቁሟል።

ትናንት አመሻሽ ላይ መብረቅ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ምሰሶ መታ። ወደ እኛ የሚመጣው ሽቦ ተበጥሶ ግቢ ውስጥ ወደቀ፤ የባለቤቴ የቦንቱ የኦክሲጅን ማሽን ጮኸና ቀጥ አለ። ቱቦዋን ወደ ሲሊንደሩ አዞርኩላት። ሲሊንደሩን የምንይዘው መብራት ሲጠፋ ለማለፊያ ነው፤ ከግማሽ ቀን በላይ አይቆይም። ለመብራት ቢሮ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ባለቤቴ ቢሮ አትጠብቅም። በጸሎት ቡድናቸው አብሯት ወዳለው የመስመር ሠራተኛ፣ ወደ ጋሩማ ደወለች። በዚህ ከተማ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አመልክቶ ተራ ከሚጠብቅ የሚያውቀውን ሠራተኛ ይጠራል። በዚያ ዝናብ መሰላሉን ባጃጅ ላይ አስሮ መጣ።

ሽቦውን ቀጠለ። የቆጣሪውን ማኅተም ቆርጦ ክዳኑን ሲከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ጥቂት ነካክቶ መብራቱን አመጣው።

«አባ ሊሊሴ» አለኝ እጁን እየጠረገ፣ «መብራቱ ያልፋል እንጂ ቆጣሪው ተመቷል። አይቆጥርም። ያለ ሥራ ትዕዛዝ ነው የከፈትኩት፤ ነገ በጠዋት ሄደው ለቢሮ ያመልክቱ። አለዚያ ነገሩ በእኔ ላይ ነው የሚመጣው።»

«በጠዋት እሄዳለሁ» አልኩት።

ገንዘብ ልሰጠው ስል እጁን ኪሱ ከተተ። «የመጣሁት ለሃዳ ሊሊሴ ነው» አለ። ሊሊሴ ልጃችን ናት፤ አዲስ አበባ ትሠራለች፣ ማሽኑንም የገዛችልን እሷ ናት። እዚህ እኔና እናቷ የምንጠራው በእሷ ስም ነው፤ እኔ አባ ሊሊሴ፣ ቦንቱ ሃዳ ሊሊሴ።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ አላቆመም። አልሄድኩም።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ከፊቴ አንዲት ሴት ነበረች። ቆጣሪዋ ከፋሲካ በፊት ተቃጥሎ መስመሩ ለጥንቃቄ ተቆርጦባታል።

«አዲስ ቆጣሪ አልመጣም» አላት ከመስኮቱ ኋላ ያለው ልጅ።

«ባለፈው ወር ይመጣል ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ባለፈው ወርም አልመጣም፣ እቴ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። የሚያስቅ ነገር ስለሌለ ይመስለኛል የሳቀችው። ተራዬ ሲደርስ የብልሽት ስልካቸው ተቀይሮ እንደሆነ ጠየቅኩ። አልተቀየረም አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

የካርድ ቆጣሪያችን ቀሪ ሂሳብ 63 ይላል። ትናንትም 63 ነበር። በየጠዋቱ እየሄድኩ አየዋለሁ፤ ለምን እንደማየው አላውቅም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ቦንቱን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ፎቶውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንስቶ አሳየኝ። የሳንባዋ ጠባሳ ሰፍቷል። «ማሽኑ ሌትም ቀንም እንዳይለያት» አለ። መኝታ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሲብስባት ያምጧት፤ አሁን ከእሷ የባሱ ኮሪደር ላይ ናቸው» አለኝ።

ቆጣሪ እስኪመጣ ድረስ መስመሩ ቢቆረጥ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ የማመልከቱን ነገር ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። ለጊዜው ነው።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ጫንያለው የወር ኪራዩን አመጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የኮሌጅ መምህር ነው፤ ከኋላ ያለውን ክፍል ከእኛ ተከራይቷል። በውላችን መሠረት የመብራት ድርሻውን ለብቻ አጥፎ ሰጠኝ።

«በዚህ ወር ስቶቩን ደጋግሜያለሁ ጋሼ፤ አንሷል ካሉ ይንገሩኝ።»

«አላነሰም» አልኩት።

ተቀበልኩ። ባልቀበለው ለምን ብሎ ይጠይቃል።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ቦንቱ «ካርድ ሞላህ?» አለችኝ።

«አላለቀም።»

ሐሰት አልተናገርኩም። አላለቀም።

«ይሄ ሁሉ ማሽን እየሠራ?» አለች። ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ጀመር። ስትጨርስ ፊቷ በርቶ ነበር። እንዲህ ሆና ካየኋት ወራት አልፈዋል። ምን እንዳሰበች ገባኝ። የማርመው መስሎኝ ነበር፤ አላረምኩም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

የጸሎት ቡድኑ ዛሬ እኛ ቤት ነበር። እኔ ከእነሱ ጋር አልጸልይም፤ ወንበር አቀርባለሁ፣ ለስላሳ አከፋፍላለሁ፣ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አነባለሁ። ከመዝሙሩ በኋላ ቦንቱ ተነስታ ቆመች። ቆማ መናገር እንደሚከብዳት ያውቃሉና «ተቀመጪ» አሏት። አልተቀመጠችም። በኦሮምኛ፣ በየሁለት ቃሉ እየተነፈሰች መሰከረች። ከሰኔ ወዲህ ካርድ አልሞላንም፤ ማሽኔም አልቆመም፤ የቤቴን መብራት የያዘው እሱ ነው። «ገለኒ ከን ዋቀዮቲ» አለች፣ ምስጋናው የእግዚአብሔር ነው። ሁሉም እልል አሉ።

ጋሩማ አልነበረም። ኡኬ ከተማ የወደቀ ምሰሶ ሊያነሱ ሄደዋል አሉ። እፎይ አልኩ።

ሲወጡ ጎረቤታችን ባዩሽ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አውጥታ ሰምታ ኖሯል። አባቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ነው የተወለደችው።

«ኧረ ቦንቱዬ፣ ለእኔም ጸልዪልኝ። የእኔ ካርድ ሳምንትም አያደርሰኝ። የእናንተ አምላክ ነው ወይስ የእኔ ስቶቭ ነው የበዛው?»

ቦንቱ እስክታስል ሳቀች። እኔ ወንበሮቹን ሰበሰብኩ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ጋሩማን ባጃጅ ማቆሚያው ጋ አገኘሁት። ጭቃ በጭቃ ነው።

«ቆጣሪው ተቀየረ?»

«ተመዝግቤያለሁ።»

«ጎሽ። ተራው ይረዝማል፤ ግን አንዴ ከተመዘገቡ ችግር የለውም። ሃዳ ሊሊሴ ፈያ ናት?»

«ደህና ናት።»

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከወለጋ ለጋዜጣ ዜና እልክ ነበር። አንድ ባለሥልጣን የተናገረውን ከሌላ ሰው ሳላረጋግጥ አልክም፤ አዘጋጆቹ «የእስክንድር ዜና አይነካም» ይሉ ነበር። ዛሬ በባጃጅ ማቆሚያ ቆሜ አንድ ቃል ተናገርኩ፤ ቃሉን ያረጋገጠም የሚያረጋግጥም የለም። ሰኞ ሄጄ እመዘገባለሁ። ያኔ የተናገርኩት እውነት ይሆናል።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ቦንቱን ሲያስላት አደረ። አልወጣሁም።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ቁጥጥር መጣ።

የቦንቱ ምስክርነት ከቡድኑ ወደ ሌላ ቡድን፣ ከዚያ ወደ ጉባኤው፣ ከጉባኤው ወደ መብራት ቢሮ ደርሷል። አንድም ሰው በክፋት አልጠቆመንም። ደስ ብሏቸው ነው ያወሩት።

የደንበኞች ኃላፊው ቀጀላ ራሱ ነበር የመጣው፣ ከሁለት ሠራተኞች ጋር። በዘመኔ የማውቀው ሰው ነው፤ ወጣት ሳለ የሰፈራቸውን መንገድ ጉዳይ ጽፌለት ነበር። ሰላምታውን አላሳጠረም፤ አካም ጅርቱ፣ ልጅቷ፣ ጤናዬ፣ ጉቴ ያለው ማሳዬ። ከዚያ ቆጣሪውን ፎቶ አነሱ።

«ማኅተሙ ተቆርጧል፣ ኦቦ እስክንድር። ማን ነው የቆረጠው?»

«ጋሩማ። መብረቅ የመታ ዕለት።»

«ትዕዛዝ ይዞ ነበር?»

«ወረቀት አላየሁም።»

«ቆጣሪው እንደማይሠራ ነግሮዎታል?»

ወደ መኝታ ቤቱ ዞርኩ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። ቀጀላ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ቦንቱን ከነቱቦዋ አያት። ከድምፁ በላይ ልትሰማን አትችልም። ተመልሶ ሠራተኞቹን ወደ ውጭ ላካቸውና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጥያቄውን እንደገና ልጠይቅዎት። ደንቡን ይወቁት። ደንበኛው ሳያውቅ ከሆነ የሚጠየቀው ሠራተኛው ነው፤ እርስዎ በግምት ይከፍላሉ፣ መስመሩ አይነካም። አውቆ ሲጠቀም ከነበረ ግን መስመሩ ይቆረጣል፤ አዲስ ቆጣሪ እስኪመጣ አይቀጠልም። ቆጣሪ ደግሞ የለም። እና፣ ነግሮዎት ነበር?»

«አላስታውስም» አልኩ።

«አላስታውስም» እያለ ጻፈው። ፈረምኩ። ሲወጣ «ለሃዳ ሊሊሴ ምሕረቱን ያምጣላት» አለ።

ቦንቱ ማን እንደነበረ ጠየቀችኝ። «የመብራት ሰዎች ናቸው፤ ቆጣሪ ሊያዩ» አልኩ።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ጋሩማ ከሥራ ታገደ። ጉዳዩን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያየዋል።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

የባጃጅ ሾፌሩ ሳልጠይቀው አወራኝ። ጋሩማ በጉቴ መንገድ ላለ ዳቦ ቤት ያለ ቆጣሪ መስመር አስገብቶ ገንዘብ በልቷል ይባላል። «ሁሉም እንደዛ ናቸው ኦቦ፤ እሱ አሁን ተያዘ እንጂ።»

ምንጩ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ራሱ አላየም። በሥራዬ ቢሆን አንድ መስመር አልጽፍበትም ነበር። ሆኖም ሳይሆን አይቀርም። ያለ ትዕዛዝ ማኅተም መቁረጥ የለመደ ሰው ለእኛ ብቻ ቆርጧል ማለት ይከብዳል።

ያን ዕለት ግን ገንዘብ ስሰጠው እጁን ኪሱ ከቷል።

ዳቦ ቤቱ የት እንደሆነ ሰኞ አጠይቃለሁ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ዳቦ ቤቱን አልጠየቅኩም። ዳቦ ቤት ባይኖርስ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ጫንያለው ትናንት ምሽት ልብሱን ከገመድ እያወረደ ነበር።

«ጋሼ፣ ቆጣሪው ከሰኔ ጀምሮ አይቆጥርም ነበር አሉ?»

«እንዲያ ይላሉ።»

«እኔ ስከፍል ነበር እኮ።»

«እመልስልሃለሁ።»

«ለመመለሱ አይደለም።» አንዱን ካልሲ ፈልጎ አጣው፤ ጎንበስ ብሎ ከጭቃው አነሳውና አራገፈው። «ለማን እንደምከፍል ላውቅ ብዬ ነው። ተማሪዎቼን ስለ ዜጋ ግዴታ ነው የማስተምር፤ ምሳሌ ሲጠፋኝ እርስዎን ነበር የማነሳ፣ ጋዜጠኛው ጋሼ እያልኩ። እንግዲህ ሌላ እፈልጋለሁ።»

ሳቅ ብሎ ነው የተናገረው። ገንዘቡን በደጁ ሥር አሾልኬለት ገባሁ። ዛሬ ጠዋት በእኔ ደጅ ሥር ተመልሶ አገኘሁት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጋሩማ መጣ። ወደ ቤት አልገባም አለ፤ የግቢው በር ላይ ቆመን ተነጋገርን። እንደማይጮህ አውቃለሁ፣ ለቦንቱ ይፈራላታል። ባይፈራላት ይሻለኝ ነበር።

«ነግሬዎታለሁ ወይስ አልነገርኩዎትም?»

«ነግረኸኛል።»

«እንግዲያው ለእኔ ሲሆን ያስታውሳሉ።»

የግቢውን በር ከኋላዬ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

«ተመዝግቤያለሁ አሉኝ። አምኜዎት ለሚስቴ ነገርኳት፣ ጋሼ እስክንድር እንደሌላው ሰው አይደሉም ብዬ። መዝገቡን አስከፈትኩ፤ ስምዎ የለም። ቀጀላ ምን ይለኛል መሰለዎት? ‘ትልቅ ሰው በሐሰት አትወንጅል።’ እኔ ነኝ ወንጃዩ።»

«መስመሩን ይቆርጡብናል፣ ጋሩማ። ማሽኑ...»

«ማሽኑን አውቃለሁ። መስመሩን የቀጠልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? እሷ ትሙት አላልኩም።» በጣቱ ወደ ሽቦው አመለከተ። «ግን በሌብነት የተባረረ የመብራት ሠራተኛ ሌላ ቦታ መሰላል የሚያስይዘው የለም። እርስዎ አሁን ካርድ የሚሞሉት በብር አይደለም፣ በእኔ ስም ነው። እስከ መቼ ነው የሚሞሉት?»

ስለ ዳቦ ቤቱ ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ቢክደኝ አምነው ነበር፤ ማመኑን ነው የፈራሁት።

«ኮሚቴው ፊት እርስዎን ምስክር ጠርቻለሁ» አለና ሄደ። ደህና ዋሉ አላለኝም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

መውጫ ፈለግኩ።

ባዩሽን በአጥሩ ላይ ገመድ እንድታሳልፍልኝ ለመንኳት፣ ምናልባት ከተቆረጠብን። «ኧረ ምን ገዶኝ፣ ለቦንቱዬ!» አለች ከልቧ። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። ለተቆረጠበት ቤት መስመር ያቀበለ የራሱም ይቆረጥበታል ብለዋታል። «ልጆቼ ናቸው ወንድምዬ፣ እኔማ...» አለቀሰች። እኔ ነኝ ያባበልኳት።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሲሊንደር በሁለት ቀን አንድ ሊሞሉልኝ ይችላሉ። የሚያስፈልጋት በቀን ሁለት ነው።

ወደ አዲስ አበባ መውሰድም አለ። መንገዱ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ያድራል። ሊሊሴ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም።

ሁሉንም ጠየቅኩ። ሁሉንም ስጠይቅ ግን የምፈልገው «አይሆንም» እንዲሉኝ ነበር ብል ራሴን አልበደልኩም።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ሊሊሴ ደወለች። ነገርኳት፤ ለአንድ ሰው መንገር ነበረብኝ።

በር ስትዘጋ ሰማሁ። ከዚያ «አባዬ፣ እንዳትናገር» አለች። «ለሰውዬው ካሳ እንስጠው። እኔ እልካለሁ። በየወሩም ቢሆን።»

«ስሙንስ?»

«ስሙን ምን? ስም ይመለሳል። እማዬ ትመለሳለች?»

ከእኔ ራስ ውስጥ የወጣ ነገር ነው የተናገረችው። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አስቀየመኝ። አሳድገን፣ አስተምረን፣ እንዲህ እንድትል ያደረግናት እኛ አይደለን?

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ትናንት የጸሎት ቡድኑ ተራ የእኛ ቤት ነበር፤ አልመጡም። ሌላ ቤት ሆነ። ቦንቱ ጠዋት ከበረንዳው ላይ ሆና ባዩሽን ለምን እንደሆነ ሰምታ እንደሁ ጠየቀቻት። ባዩሽ ነገር በሆዷ አይቆይም።

«አልሰማሽም እንዴ? ያ ልጅ ጋሩማ እኮ በአንቺ ምስክርነት ነው የተያዘው። ቆጣሪውን አበላሸው ብለው። ሰዎቹ ምን ብለን ፊቷን እናያለን ብለው ነው የቀሩት።»

ወደ ውስጥ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«መብረቅ ነው ያበላሸው» አለች።

«አዎ።»

«ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«ጋሩማ ነግሮህ ነበር። ያን ዕለት ውጭ ስታወሩ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ የምትሉትን ነው ያልሰማሁት።»

አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እኔ ቆሜ መሰከርኩ» አለች፣ ቃል በቃል እየተነፈሰች። «ጌታ ነው አልኩ። አንተ በረንዳ ላይ ነበርክ። ትሰማ ነበር።»

«ላስደነግጥሽ አልፈለግኩም። ደስ ብሎሽ ነበር።»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «በእግዚአብሔር ስም ሐሰተኛ አደረግከኝ፣ እስክንድር።»

ቀኑን ሙሉ ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። ምሳ በላች፣ መድኃኒቷን ወሰደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ከገበያ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መብራት የጠፋ መሰለኝ። ማብሪያውን ጫንኩ፤ አምፖሉ በራ።

ቦንቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቱቦው ጭኗ ላይ ተጠምጥሟል። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጥፍሮቿም። ማሽኑን ራሷ አጥፍታዋለች። ልከፍተው ስሮጥ እጇን ዘረጋች።

«ማሎ እባክህ፣ ተወው።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የኔ አይደለም።»

«አየር ነው ቦንቱ! የማን ነው አየር?»

«መብራቱ።» ጠበቀች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች። «የጋሩማ ነው። እሱ እየከፈለበት... እኔ አልተነፍስበትም።»

ከፈትኩት። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ በግድ አደረግኩት፣ እንደ ሕፃን እጇን ይዤ። አልታገለችኝም። አቅም የላትም። ዓይን ዓይኔን ብቻ አየችኝ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ዛሬም አጠፋችው። ስወጣ ታጠፋለች፣ ስመጣ እከፍታለሁ። ስለዚህ አልወጣም።

ለመድኃኒት ጫንያለውን ላክሁት። ሄደ። ዋጋውን ስሰጠው ቆጥሮ ተቀበለ፣ ሳንቲሙን መለሰ።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

ቦንቱ ተስማማች። ኮሚቴው እስኪቀመጥ ድረስ ማሽኑን አታጠፋም፤ እኔም ሄጄ የሆነውን እናገራለሁ። እንዲህ አድርጋ ነው ያቀረበችው፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ራስ መነቅነቅ ቃል መስጠት እንደሆነ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ «ከተቆረጠስ?» አልኳት።

«ከተቆረጠ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እተኛለሁ። እዚያ የሚተኙትም ሰዎች ናቸው።»

«እህትሽ እዚያ ነው የሞተችው። ሞቼም አልገባም ብለሽ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

የመኝታውን ጉዳይ በሰኔ አጥብቄ ብጠይቅ ኖሮ፣ ሲሊንደር ባጠራቅም ኖሮ፣ በሁለተኛው ቀን ተመዝግቤ ቢሆን ኖሮ አሁን ተራው ይደርሰኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከባድ ነገር አልነበረም። ለእሷ ብዬ ነው ያልተናገርኩት ስል ከረምኩ። ዛሬ ስትናገር እያየኋት ለማን ብዬ እንደነበር እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ብቻዬን ይህን ቤት ማሰብ ነው የማልችለው።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ሊሊሴ ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። ለእናቷ ደወለች፤ ቦንቱ አንስታ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። «ቶሌ ልጄ፣ ቶሌ»፣ እሺ እሺ ብቻ ነው ያለቻት። ከዘጋችው በኋላ «ምን አለችሽ?» አልኩ። «ታለቅሳለች» አለች።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ቀጀላ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁ የወዳጅ ነው።

«ኦቦ እስክንድር፣ የነገውን ስብሰባ አስቤበት ነበር። በዚህ ጭቃ፣ ታማሚ ትተው መምጣት አይጠበቅብዎትም። ፈርመው የሰጡን ቃል አለ፤ ለኮሚቴው በቂ ነው። ባይመጡ ማንም አይቀየምዎትም።»

«ብመጣስ?»

«ቢመጡ፣ የሚሉትን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ያለው በእኔ እጅ አይደለም። ደንቡን ነግሬዎታለሁ። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ለእኔ ብሎ እንደሆነ አምናለሁ። ዛሬ ሁሉም ሰው ለእኔ ብሎ ነው። እንግዲህ ጋሩማን ለማስባረር እኔ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። ቤቴ ብቀመጥ ይበቃል።

ለቦንቱ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ቀጀላ እንዳለው አድርጌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። «ብቻህን እንድትሄድ አላደርግህም» አለች። አብራኝ ትመጣለች፤ ባጃጅ ውስጥ ሆና በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ አስፈላጊ ከሆነ ተደግፋ ትገባለች። እንደማትችል ነገርኳት። እንደማትችል ታውቃለች።

ማሽኑ እየሠራ ነው። እንዳለችው አላጠፋችውም። ስትተነፍስ እያየኋት ይህን እጽፋለሁ፤ ደረቷ ብዙ አይነሳም፣ ግን ይነሳል።

ኮሚቴው ነገ ማክሰኞ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ቦንቱ በአንድ ሰዓት ቀስቅሰኝ ብላኛለች። እሺ አላልኳትም። እምቢም አላልኳትም።